የዲቲ ሻንሲ ላይ የቦክሰር ሞተር መግጠም፤ የሞከረ አለ?

የሱሉልታው

ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ነው የምኖረው፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ክረምት ላይ የሰፈራችን ጭቃ ባጃጅ እንኳ ያስቆማል። አጎቴ ድሮ መስክ የሚወጣበት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ነበረው፤ አሁን ለእኔ ትቶልኛል። ሻንሲው ደህና ነው። ቸርኬዎቹም፣ የፊቱ 21 የኋላው 18፣ አልተነኩም። ሞተሩ ግን ነክሶ ከቆመ ዓመታት አለፉት፤ ሲሊንደሩ ደጋግሞ ስለሰፋ ከዚህ በኋላ የሚሰፋበት ቦታ አልቀረውም።

ጎረቤቴ ደግሞ ተጋጭቶ ሻንሲው የተጣመመ ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል አለው። ሞተሩ በአንድ እርግጫ ይነሳል። በነፃ ሰጠኝ ማለት ይቻላል። አሁን ሳሎን ውስጥ ማዳበሪያ ላይ ተጋድሟል፤ እናቴ በቀን ሦስቴ ትረግመዋለች።

(ግራ እንዳንጋባ፦ ሞተር ስል ሞተሩን ብቻ ነው፤ ሙሉውን ሞተር ሳይክል እላለሁ።)

ሰፈር ያለው በያጅ «ምን ችግር አለው፣ ላሜራ ቆርጠን እናጣብቀዋለን» ይላል። ያስፈራኝ እንዲህ ቀላል ማድረጉ ነው። ከመጀመሬ በፊት ምን ማየት አለብኝ? ከተማ አልገባበትም፤ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ሞተር ሳይክል ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ እንደተከለከለ ሁላችንም እናውቃለን። እዚሁ በሱሉልታና በጫንጮ መካከል ነው ሩጫዬ።

ቶርኖ ቤት

ይገጥማል። ግን በያጁ ኤሌክትሮድ ሳያነሳ አንድ ቀን ሙሉ ለመለካት ብቻ ያዝ።

ሞተሩ የት እንደሚቀመጥ የሚነግርህ ካቴናው ነው። ካርቡሬተሩንና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አውልቅና ሞተሩን ሻንሲው ውስጥ እንጨት ደርድረህ አስቀምጠው። የኋላውን ጎማ ግጠም፣ መሃል ላይ መሆኑንም አረጋግጥ። ከዚያ የልብስ መስፊያ ክር ወስደህ የኋላው ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ባለጥርስ ክብ ብረት) ጠፍጣፋ ፊት ላይ አስደግፈህ ወደ ፊት ወጥረው። ክሩ ሳይታጠፍ የፊቱን ጥርስ ፊት መላስ አለበት። ልክ ካልመጣ እንጨቱን እያንቀሳቀስክ ታስተካክላለህ። እኔ 1 ሚሊ ሜትር ከሸሸ አልበይድም። ሰው «ካቴና ይለምዳል» ይላል፤ አይለምድም፣ ጥርሱን በጎን እየበላ ቆይቶ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ይወጣና የኋላ ጎማህን ያስርብሃል።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያየው ነው። ዲቲ የጭቃ ሳይክል ስለሆነ የኋላ ጎማው ከቦክሰር ይልቅ ብዙ ይወጣል ይወርዳል። የፊቱ ጥርስ የኋላው ሹካ ከሚታጠፍበት ብሎን በራቀ ቁጥር፣ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ካቴናው አንዴ ይወጠራል አንዴ ይላላል። ስለዚህ ሞተሩን የቻልከውን ያህል ወደዚያ ብሎን አስጠጋው። ሲያልቅ አሞርዛተሩን (ንዝረት የሚያበርደውን ሞላ) አውልቀህ ጎማውን በእጅህ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሰው። የፊቱ ጥርስ መሃል፣ የሹካው ብሎንና የኋላው አክሲስ በአንድ መስመር ሲሆኑ ካቴናው ከሁሉም ይበልጥ ይወጠራል፤ ላላ ያለ ትርፍ መተው ያለብህ እዚያ ላይ ነው። ቆሞ ሳለ ልክ ነው ብለህ ብትወጥረው ሰው አፈናጠህ ጉድጓድ ስትገባ የሞተሩን ኩሽኔታ ነው የሚጎትተው።

የካቴናውን ቁጥርም እይ፣ ጎኑ ላይ ተጽፏል። 428 ከሆነ ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ 520 ከሆነ 15.875። ሁለቱ ጥርሶች አንድ ቁጥር ካልሆኑ አይነጋገሩም።

ብየዳው ላይ፦ መያዣውን ከ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ አስቆርጥና በብሎን የሚፈታ አድርገው። ሻንሲው ላይ የሚበየደው ትንሿ ጆሮ ብቻ ትሁን። መጀመሪያ ፑንታ (ነጠብጣብ ብየዳ) ብቻ፣ ከዚያ ክሩን እንደገና ወጥረህ ማየት፣ ከዚያ ሙሉ ብየዳ። ብረት ሲሞቅ ይጎተታል። መሪው የሚገባበት አንገት አካባቢ ግን ማንም ብየዳ ይዞ እንዳይጠጋ።

ካንዴላ

ቶርኖ ቤት ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የራሴን ጥፋት ልጨምር። ሰበታ እያለሁ ተመሳሳይ ነገር ሠርቼ ነበር። ችኮላ ነበረብኝ። ሞተሩ እንደተገጠመ፣ ባትሪው እንደታሰረ፣ ሲዲአይው (እሳቱን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ሳይነቀል «አንዲት ጆሮ ናት» ብዬ አስበየድኩ። የብየዳውን ግራውንድ የያዘው ልጅ ደግሞ ሞተሩ ላይ ነከሰው። ከዚያ በኋላ ያቺ ሳይክል እሳት አልሰጥ አለችኝ። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ኮይል ቀየርኩ፣ ሳምንት ሙሉ ስረግጣት ጉልበቴ አበጠ። ለካ ሲዲአይው የዚያኑ ቀን ሞቷል። ስለዚህ ባትሪውን ፍታ፣ ሲዲአይውን ንቀልና ኪስህ ውስጥ ክተት፣ ግራውንዱ ደግሞ ከሚበየደው ብረት አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ እዚያው ብረት ላይ ይነከስ።

ኤሌክትሪኩን አታደባልቅ። የዲቲው ሁለት ምት ነው፣ የቦክሰሩ አራት ምት፤ እሳታቸው አይገናኝም። ከጎረቤትህ ሳይክል ላይ ገመዱን ከነሶኬቱ፣ ሲዲአይውን፣ ኮይሉን፣ ሬጉሌተሩን አንድ ላይ አንሳ። አንዲት ገመድ ቆርጠህ እንዳትተው! አስነስተህ ጋዝ ከፍ ስታደርግ ባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ ካየህ ቻርጁ ደህና ነው።

አሁን ወደ አየሩ። እናንተ ከ2,500 ሜትር በላይ ናችሁ፤ አየሩ ከባህር ዳርቻ በሩብ ያህል ይሳሳል። የጎረቤትህ ካርቡሬተር እዚያው ስለኖረ ለምዶታል። ችግሩ የሚመጣው የቦክሰሩ የአየር ማጣሪያ ሳጥን ዲቲው ውስጥ አልገባ ሲልህና ትንሿን ክብ ማጣሪያ ስትሰካባት ነው። ያኔ ብዙ አየር ይገባና ቤንዚኑ ያንሳል። ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግህም፦ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር በደንብ ንዳው፣ ሳታዘገይ አጥፋው፣ ካንዴላውን ፍታ። ጫፉ የተቆላ ቡና መልክ ካለው ደህና። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ እንዳትነዳው፣ ፒስተን ትበላለህ።

የቦክሰሩ ማርሚታ ደግሞ ከሻንሲው የፊት ቱቦ ጋር ሳይጋጭ አይቀርም። አንገቱን ብቻ ቆርጦ ማዞር ነው። ያ ቀላል ነው።

ቻይና ነኝ

ለምን ራስህን ታደክማለህ፣ የቻይና ሲጂ ሞተር ፈልግ። ውስጡ ቫልቭ የሚያንቀሳቅስ የታይሚንግ ካቴና የለውም፣ ቫልቩ በዘንግ ነው የሚሠራው፣ ዕቃው በየሱቁ ነው። ጎኑ ላይ 156FMI የሚል ካየህ አንድ ሲሊንደር፣ 56 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ በአየር የሚበርድ፣ 125 ማለት ነው። 162FMJ ከሆነ 150።

ቶርኖ ቤት

ልጁ እጁ ላይ የሚሠራ ሞተር አለው እኮ። ሌላ ያስገዛው?

ሊብሬ ይቅደም

ሁላችሁም ስለ ብሎን ታወራላችሁ። ወንድሜ የሱሉልታው፣ ሊብሬው የታለ?

ሊብሬ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ የሻንሲና የሞተር። ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄድ ያንን ያመሳክራሉ። ቦክሰሩን ስታስቀምጥበት ሻንሲው የአጎትህ፣ ሞተሩ የጎረቤትህ ይሆናል፤ ቦሎ ሊለጠፍልህ ይቅርና አንድ ትራፊክ ቢያስቆምህ ሌባ ትመስላለህ። ቦታ ሳልጠቅስ፣ የማውቀው ሰው እንደዚህ የሠራው ሳይክል ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። ሥራው ግን ያምር ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ።

ስለዚህ፦ ከጎረቤትህ ጋር የሞተሩ ቁጥር የተጻፈበት የሽያጭ ውል ይኑርህ፣ በነፃም ቢሰጥህ። የሱን ሊብሬም ኮፒ ያዝ። ከዚያ ብየዳ ከመጀመርህ በፊት የምትመዘገብበት መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደህ «ሞተር ልቀይር ነው፣ ምን ምን ላምጣ» ብለህ ጠይቅ። ቀይረህ ከጨረስክ በኋላ መጠየቅና ቀድሞ መጠየቅ አንድ አይደለም፤ ለሰውዬውም ለአንተም።

ሌላ ደግሞ፣ አጎትህ «መስክ የሚወጣበት» ስትል ደነገጥኩ። የፕሮጀክት ነበር? ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ወደ ግለሰብ ሲዞር ቀረጥ ይጠየቅበታል። እሱ ተከፍሎ እንደሆነ እይ፤ ካልተከፈለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። የሻንሲውን ቁጥርም ፈልግ፣ የመሪው አንገት ላይ ተቀርጿል። ቀለም ሲፋቅ ግራይንደር እንዳይነካው። የተፋቀ ቁጥር ይዘህ ብትሄድ ማንም አይሰማህም።

የሱሉልታው

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ቅዳሜ ሙሉ ቀን እሱ ላይ ዋልኩ።

ወረቀቱ፦ አጎቴን ደወልኩለት። ከመሥሪያ ቤቱ በጨረታ ነው የገዛው፣ የቀረጡ ደረሰኝ ሊብሬው ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል ብሎኛል። ስሙ ወደ እሱ ዞሯል፣ ወደ እኔ ግን አልዞረም። የሻንሲውን ቁጥር ጨርቅ ቤንዚን ነክሬ ሳሸው ሳሸው ከሦስት ድርብ ቀለም ሥር ወጣ። መጀመሪያ ሁለት አኃዝ፣ ከዚያ ሙሉው። ከሊብሬው ጋር አንድ ነው።

ክሩ ግን ጉድ አሳየኝ። የፊቱ ጥርስ ከኋላው 9 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ገብቷል። በያጁ አየና «ከፊቱ ጥርስ ሥር ሮንዴላ (ቀለበት ብረት) እንደርድርበት» አለኝ።

ቶርኖ ቤት

9 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ? የዘንጉ ጥርስ ያን ያህል ርዝመት የለውም፣ የፊቱ ጥርስ ግማሽ ጎኑ አየር ላይ ይቀራል። ሞተሩን ነው ወደ ግራ መግፋት። ሞተሩ ከሻንሲው መሃል ትንሽ ቢወጣ ሲነዳ አይታወቅህም፤ ጎማውን ከመሃል ካወጣኸው ግን ሳይክሉ ወደ አንድ ጎን ይስብሃል። ግፋውና የሞተሩ ግራ ሽፋን ከቱቦው ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዳለው እይ። የመነሻ መርገጫውም ስትረግጠው የእግር ማስቀመጫውን እንዳይመታ። ፎቶ ላክ።

ካንዴላ

ቀድሞ ስለታየህ እግዜርን አመስግን። እኔ ያየሁት አስፋልት ላይ ነው።

መርካቶ ነጋ

ያ የድሮው የዲቲ ሞተር ይሸጣል? ለዕቃ እፈልገዋለሁ።

ሊብሬ ይቅደም

እንዳትሸጥለት! ሊብሬህ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር የእሱ ነው። ለውጡ ተመዝግቦ አዲሱ ቁጥር እስኪገባልህ ድረስ አምጣና አሳይ ቢሉህ ምን ታሳያለህ?

የሱሉልታው

እሺ፣ አልሸጥም። ግን እሱም ዝገቱ እንዳይብስበት ሳሎን ገብቷል። እናቴን የሚያናግርልኝ ካለ ስልኳን ልስጠው።