በተጠጋጋ ሰፈር የአየር ጠመንጃ ልምምድ፦ ይፈቀድ ወይስ ይቅር?

ጠያቂው፣ ከሆጤ፦ ያ ጀማዓ፣ አንድ ነገር ላይ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው፤ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ። የአየር ጠመንጃ ተኩስ መለማመድ አማረኝ። ባሩድ የሌለው፣ በታመቀ አየር የሚሠራው ማለቴ ነው። አከራዬ «ግቢዬ ውስጥ ተኩስ የሚባል ነገር መስማት አልፈልግም» አሉ። ጓደኞቼ ደግሞ «ኪራይህን እስከከፈልክ ድረስ ምን አገባቸው?» ይላሉ። የቱ ነው ልክ?

ከፒያሳ፦ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ይሄ እኮ ስፖርት ነው። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1984 የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ጀምሮ ኦሊምፒክ ውስጥ አለ። የዒላማው መሐል፣ 10 ነጥብ የምታሰጠው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። እሷን ለመምታት ትንፋሽህንም ጣትህንም መግዛት አለብህ። አቢናቭ ቢንድራ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ለሕንድ የመጀመሪያውን የግል ወርቅ ያመጣው በዚሁ ነው። እዚህ ወጣቱ ከሥራ ሲመለስ ከጫትና ከከረንቡላ ሌላ ምን አለው?

ከሰኞ ገበያ፦ ወንድሜ፣ ስፖርትነቱን ማንም አልካደም። ቢንድራን ካነሳህ ግን ሙሉውን ንገረው። ቤተሰቦቹ ቤታቸው ውስጥ የተኩስ መለማመጃ ሠርተውለት ነው። እኛ የምናወራው ግድግዳው ጭቃ፣ አጥሩ ቆርቆሮ ስለሆነ ግቢ ነው። ደግሞም ደሴን እናውቃታለን፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ነው የተደረደርነው። የኔ ግቢ ከታች ካለው ጎረቤቴ ጣሪያ ጋር እኩል ነው። ቀጥ አድርጌ ተኮስኩ የምትላት ጥይት ዒላማዋን ከሳተች ከታች ባለው ቤት ላይ አልፋ ነው የምትሄደው፣ እዚያ ልብስ የምታሰጣ ሴት ትኑር፣ ቆርቆሮ የሚጠግን ሰው ይኑር፣ አንተ አታየውም፣ እሱም አያይህም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ተኳሹ ጠንቃቃ ነው እንበል። ጎረቤቱ ስለዚያ ጥንቃቄ ምንም አያውቅም፣ ማንም አልጠየቀውም፤ አደጋው ግን የሱም ነው።

ከፒያሳ፦ አቦ አታጋንን። አየር እኮ ነው!

ከኮምቦልቻ፦ «አየር ነው» የምትለውን ተዋት። ለውድድር የሚሠራው እንኳ ጥይቱን በሰከንድ ወደ 170 ሜትር ያስወነጭፈዋል። 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነ እርሳስ ነው። ቆዳ ይበሳል፣ ዓይን ካገኘ ያጠፋል። ለአደን የሚሠሩት ደግሞ ከዚህ በጣም ይበረታሉ። ድንጋይና ብረት ላይ ሲያርፍ ነጥሮ ሊመለስ ይችላል፤ በተለይ ድቡልቡሉ የብረት ጥይት። ይህን ስል ግን ከናካቴው ይቅር ማለቴ አይደለም። ክፍል ውስጥ፣ በር ተቆልፎ፣ ደህና ማቆሚያ ካለ ይቻላል። ማቆሚያ ስል ግድግዳ ላይ ካርቶን መለጠፍ አይደለም። ጀርባው ወፍራም ላሜራ የሆነ፣ ውስጡ በአሮጌ ጨርቅ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሞላ፣ ጥይቱን ይዞ የሚያስቀር ሣጥን ነው። ከሣጥኑ ጀርባ ያለው ክፍል ሰው የሚኖርበት መሆን የለበትም። 10 ሜትር ከሌለህ በ5 ሜትር ላይ የዒላማውን ወረቀት በግማሽ አሳንሰህ ትለማመዳለህ። እርሳስ መርዝ ስለሆነ እጅህን ሳትታጠብ እንጀራ አትንካ። ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ በተለይ ሕፃናት ላይ ጉዳቱ ይከፋል።

ከሮቢት፣ የልጆች እናት፦ ልጆቼ፣ ስለ ሣጥኑና ስለ ሜትሩ ብዙ ተናገራችሁ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እዚህ የነበረ ሰው የምለው ይገባዋል። ልጄ ዛሬም የቆርቆሮ በር ሲጋጭ ይደነግጣል። የአየሩ ድምፅ ትንሽ ነው ትሉኛላችሁ፣ ይሁን። ግን ጎረምሳ ጠመንጃ ይዞ ሲያነጣጥር በመስኮት ያየ ሰው አየር ይሁን ባሩድ በምን ይለየዋል? ጎረቤት ቢደነግጥ አንድ ነገር ነው፤ የታጠቀ የጸጥታ ሰው ቢያይህስ የኔ ልጅ? አላህ ይጠብቅህ፣ እኔ የምፈራው ላንተም ነው።

ከፒያሳ፦ እትዬ፣ ያሉት ከባድ ነው። ግን ሁሉን ነገር በጦርነት ዓይን እያየን እስከ መቼ እንዘልቃለን? ይሄ ትውልድ ጠመንጃ ሲባል ዒላማና ሜዳሊያ የሚያስብበት ቀን መምጣት የለበትም?

ከሰኞ ገበያ፦ ይምጣ እንጂ! ታጥሮ፣ አሠልጣኝ ተመድቦለት፣ ሰው አውቆት ይምጣ። ከተማው አንድ የተዘጋ ቦታ ቢሰጥ እኔም ልጄን ይዤ እመጣለሁ። በየተከራይ ክፍሉ ግን አይሆንም። ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ወንድሜ፣ ሳትገዛው ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ጠይቅ፣ መልሱንም በወረቀት ተቀበል። በኋላ ቆመህ ከማስረዳት ይሻልሃል።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣ ብዬ ብለማመድስ?

ከኮምቦልቻ፦ ሜዳው ባዶ ይመስላል እንጂ እረኛ አለ፣ ከብት አለ። ጥይቱ ከፍ ተደርጎ ከተተኮሰ መቶ ሜትሮችን አልፎ ነው የሚወድቀው። ከዒላማህ ጀርባ የአፈር ግድግዳ ከሌለ እዚያም አይሆንም። ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህ። ጥሩ ተኳሾች ከልምምዳቸው ብዙ ነገር ያለ ጥይት ነው የሚሠሩት። አቋቋም፣ ትንፋሽ፣ ማነጣጠር፣ ምላጭ ቀስ ብሎ መሳብ። ይህን በር ዘግተህ፣ መጋረጃ ጋርደህ ትችላለህ። ጠመንጃህ አየሩን በስፕሪንግ የሚያምቅ ዓይነት ከሆነ ግን ያለ ጥይት ምላጩን አትሳብ፣ ውስጡን ይጎዳዋል። ለመሆኑ ክፍልህ ከምን ጋር ይዋሰናል?

ጠያቂው፦ በአንድ በኩል ከሌላ ተከራይ ጋር፣ በሌላው ከመንገዱ ጋር።

ከኮምቦልቻ፦ እንግዲያው እዚያ ክፍል ውስጥ በጥይት አይሆንም። አከራይህ ልክ ናቸው።

ከፒያሳ፦ እኔ አሁንም ቦታ ላለው ሰው ይፈቀድ ባይ ነኝ።

ከሰኞ ገበያ፦ ቦታ ካለው፣ ማቆሚያውን በደንብ ከሠራ፣ ጎረቤቱም አውቆ እሺ ካለ እኔም አልቃወምም። የሆጤው ግቢ ግን እንደዚያ አይደለም።