ሐይቅ ዳር የማነሣቸው ወፎች ለምን ይጠቁሩብኛል?

መምህርት ከሐይቅ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሐይቅ ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ዓምና ያገለገለ ካኖን 2000ዲ ካሜራ ከ18–55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር ገዛሁ። ዓላማዬ አንድ ነው፦ ተማሪዎቼ ዕለት ዕለት እያዩ ስማቸውን የማያውቋቸውን የሐይቃችንን ወፎች አንሥቼ፣ አሳትሜ በክፍላችን ግድግዳ ላይ መስቀል።

በዚህ በጥቅምት ወር በአራት ቅዳሜዎች በጠዋት ወርጃለሁ። አንድ ሰዓት ላይ ከውሃው ዳር እደርሳለሁ፤ ፀሐይዋ ከማዶው ኮረብታ በላይ ወጥታ ውሃው እንደ ብርሌ ያበራል። በዓይኔ የማየው ሌላ፣ ካሜራው የሚሰጠኝ ሌላ። ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአየር ላይ ቆሞ ክንፉን ሲያርገበግብ አነሣዋለሁ፤ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የከሰል ፍንጣሪ መስሎ አገኘዋለሁ፤ ክንፉ ደግሞ ጭስ ሆኗል። ነሐሴ ላይ ጉም ውሃው ላይ ተኝቶ ያነሣሁትም አመድ ለብሷል። ሁሉንም ያነሣሁት በአረንጓዴው አውቶማቲክ ነው። በአንዱ ፎቶ ላይ የተመዘገበው ይህ ነው፦ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት የጊዜ ርዝመት) 1/125 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 10፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 100።

ባልደረቦቼ «ትልቅ ሌንስ ግዢ» ይሉኛል። እርሱ የብዙ ወር ደመወዜ ነው። ገንዘብ ከመበደሬ በፊት ልጠይቃችሁ፦ ጥፋቱ የሌንሱ ነው ወይስ የእኔ?

ተጓዥ ከወልድያ፦

እህቴ፣ በ55 ሚሊ ሜትር ወፍ አይነሣም። ሩቁን የሚያቀርብ፣ ቢያንስ እስከ 300 የሚደርስ ያስፈልግሻል። አውቶማቲኩንም ዛሬውኑ ተዪው፤ ሙሉ በሙሉ በእጅ ወደሚሠራው «ኤም» ግቢ። መጀመሪያ ያስቸግራል፤ በኋላ ግን ሁሉም ነገር በእጅሽ ይሆናል።

የፎቶ ቤት ሰው፣ ደሴ፦

የወልድያው ወንድማችን በቅንነት ነው የመከረሽ፤ እኔ ግን በሁለቱም አልስማማም። መምህርት፣ አብሽሪ፤ ሌንሱ አልበደለሽም።

ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሠራሁት በፊልም ነው። አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ብቻ ስለሚይዝ ከመጫናችን በፊት ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እናይ ነበር። ያንቺም ነገር ከዚህ ይጀምራል። ከተማችሁ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ናት። ጠዋት ከከተማው ወገን ቆመሽ ውሃውን ስታዪ ፊትሽ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይዋ ከወፉ ጀርባ ናት። ወደ አንቺ የዞረው የወፉ ጎን ጥላ ውስጥ ነው ማለት ነው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ፣ የማንም ሰው ሌንስ ቢሆን የሚያየው ጥቁር ወፍ ነው።

ሁለተኛው ነገር ካሜራው ራሱ ነው። ካሜራ ወፍ አያውቅም፤ ጉምም አያውቅም። ከፊቱ ያለውን ብርሃን ለክቶ ሁሉንም ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይጥራል። የሚያንጸባርቅ ውሃ ሲያይ «በዛብኝ» ብሎ ያጨልማል፤ ወፉም አብሮ ይጨልማል። ነጭ ጉም ሲያይም ያጨልምና አመድ ያደርገዋል። እኔ ይህን የተማርሁት በሠርግ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ነጭ ሐበሻ ቀሚስ የለበሱ ሚዜዎችን ከሙሽራዋ ጋር አሰልፌ አነሣሁ፤ ልኬቱን ለካሜራው ተውሁለት። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የሁሉም ቀሚስ የከረመ ነጠላ መስሎ፣ ፊታቸውም ጠቁሮ አገኘሁት። የሙሽራዋ እናት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያዩ ምንም አልተናገሩም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ከዚያ በኋላ ነጭ የበዛበት ነገር ፊቴ ሲመጣ ካሜራው ከሚለው በላይ ብርሃን እጨምራለሁ።

ባንቺ ካሜራ እንዲህ አድርጊ። መደወያውን ወደ «ቲቪ» አዙሪው። በዚህ ቦታ ሹተሩን አንቺ ትመርጫለሽ፣ አፐርቸሩን ካሜራው ይመርጣል። ሹተሩን 1/1000 ላይ አድርጊው፤ ክንፉ ጭስ የሆነብሽ 1/125 ለሚያርገበግብ ወፍ ስለማይበቃ ነው። አይኤስኦውን ከ400 ጀምሪ። የአፐርቸሩ ቁጥር ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ አልበቃም ማለት ነውና ወደ 800 ከፍ አድርጊው። ከዚያ መደመርና መቀነስ የተጻፈበትን ቁልፍ ይዘሽ መሽከርከሪያውን አዙሪ፦ ጉም ከሆነ አንድ ደምሪ፤ ወፉ ከሚያበራ ውሃ ፊት ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ደምሪ። ረጅም እግር ያለው ነጭ ወፍ ከጥቁር ቄጠማ ፊት ቆሞ ካገኘሽው ግን በተቃራኒው ትንሽ ቀንሺ፤ ያለዚያ ላባው ታጥቦ ይጠፋል። አረንጓዴው አውቶማቲክ ይህን መደመርና መቀነስ አይፈቅድም። አውቶማቲኩን የምትተዪበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። «ኤም» ይቆይ፤ ወፍ እየበረረ ሦስት ቁጥር ማስላት ለጀማሪ ከባድ ነው። የትኩረት ነጥቡን መካከለኛዋን ብቻ አድርጊና የወፉ ዓይን ላይ አሳርፊያት።

ከሁሉ በላይ ግን ሰዓትሽን ለውጪ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ያንኑ ቦታ ያዢ። ፀሐይዋ ከጀርባሽ ትሆናለች፤ ወፉንም የማዶውን ኮረብታም ፊት ለፊት ታበራልሻለች። ቀድመሽ ውረጂ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣውም የምትወርደውም፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ገደማ። በሰሜኑ ዓለም ወርቃማው ብርሃን ብዙ ይቆያል ሲሉ ትሰሚ ይሆናል፤ የእኛው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኔ ጦሳን በጠዋት የማነሣውም በዚሁ ስሌት ነው፤ ተራራው ከደሴ በስተ ምዕራብ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ፊቱን ታገኘዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ግን ራሱ ጥላ ይሆናል።

ስለ ሌንሱ ደግሞ፦ በ55 ወፉ ትንሽ ይሆናል፤ እውነት ነው። እንግዲያው ትንሽ ይሁን። ወፉን ከነአገሩ አንሺው። ተማሪዎችሽ ቄጠማውን፣ ታንኳውን፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ዛፍ የለበሰ ልሳነ ምድር ሲያዩ ቦታውን ያውቁታል። የውሃውን ዳርቻ መስመር ፎቶው መሐል ላይ አትጣዪው፤ ወይ ወደ ላይኛው ሲሶ ወይ ወደ ታችኛው ሲሶ ውሰጂው። ወፉ በሚያይበት በኩል ባዶ ቦታ ተዪለት። ደግሞም ቁጭ በዪ። ቆመሽ ወደ ታች ስታነሺ ወፉ ጭቃው ላይ ይለጠፋል፤ ካሜራሽ ከወፉ ዓይን እኩል ሲወርድ ግን ከጀርባው የራቀው ውሃ ይመጣና ወፉ ለብቻው ይወጣል። ዶሮ የምታነሺ ቢሆን እንኳ ይህንኑ ሞክሪው፤ ልዩነቱን ወዲያው ታዪዋለሽ።

መምህርት ከሐይቅ፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጠዋት ጭራሽ ልተወው? ተማሪዎቼን ይዤ መውረድ የምችለው ቅዳሜ ጠዋት ነበር።

የፎቶ ቤት ሰው፣ ደሴ፦

አትተዪው። ጠዋት ጥቁሩን ወደሽ አንሺው። ሳትደምሪ፣ እንዲያውም አንድ ቀንሰሽ፣ የታንኳውንና የቀዛፊውን ቅርጽ ብቻ በወርቃማው ውሃ ላይ አስቀሪ። መቅዘፊያው ከሰውነቱ ተለይቶ በግልጽ የሚታይበትን ቅጽበት ጠብቂ፤ ከሰውነቱ ጋር ከተጣበቀ ግንድ ነው የሚመስለው። የወፍ መንቁርም እንደዚሁ ነው፤ በጎን ሲዞር ጠብቂው። ፀሐይዋን ግን በመመልከቻው አሻግረሽ በቀጥታ አትዪ፤ ተማሪዎችሽንም ንገሪያቸው።

እረኛው ከመካነ ሰላም፦

ጋሼ ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። እኔ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ጭላዳ ዝንጀሮ አነሣለሁ፤ ሌንሴም ያው ያንቺው ዓይነት ነው። ጭላዳ ገደል ውስጥ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። መጀመሪያ እከተላቸው ነበር፤ በተከተልኋቸው ቁጥር የማገኘው ጀርባቸውን ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ደክሞኝ ሣር ላይ ተቀመጥሁ፤ እነርሱም ሣራቸውን እየነጩ ዙሪያዬን ወረሱት። ወፍም እንዲሁ ይመስለኛል። ቀድመሽ ደርሰሽ ተቀመጪ፤ ወፉ ራሱ ይምጣ። ጎጆ ካየሽ ግን ራቂ፤ እናቲቱ ከተነሣች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

ሌላው፣ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቢ ካሜራውን ከመግባትሽ በፊት በላስቲክ ቋጥረሽ አስቀምጪው። እስኪሞቅ አትፍቺው፤ ጤዛው ላስቲኩ ላይ ይቀራል፣ ሌንሱ ይድናል።

መምህርት ከሐይቅ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስሁ። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ወርጄ ሰሌን አንጥፌ ተቀመጥሁ። ቲቪ፣ 1/1000፣ አይኤስኦ 400፤ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ 800። ለአርባ ደቂቃ ያህል ምንም አልመጣም። ከዚያ ዓሣ አጥማጁ ከእኔ አሥር እርምጃ በማይርቅ የደረቀ እንጨት ላይ አረፈ። ዓይኑ ውስጥ የፀሐይዋ ነጥብ ይታያል፤ ደረቱ ላይ ያሉትን ሁለት ጥቁር መቀነቶች ቆጠርኋቸው። ሁለት መቀነት ያለው ወንዱ ነው፤ ሴቷ አንድ፣ ያውም መሐሉ የተቋረጠ ነው ያላት። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት በቃል ስናገር ኖሬያለሁ።

ትናንት ፎቶውን ክፍል ውስጥ ሰቀልሁት። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ቀርቦ አየውና «ይህ እኮ የእኛ ታንኳ ማሰሪያ እንጨት ነው» አለ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአባቱ ጋር በታንኳው ሊያሳፍሩኝ ቃል ገብተዋል፤ ከውሃው መሐል ሆኜ ወደ ምዕራብ ስዞር የጠዋት ፀሐይ ከጀርባዬ ትሆናለች ማለት ነው። ጋሼ፣ ታንኳው ስለሚወዛወዝ 1/1000ውን እንዳለ ልተወው ወይስ ከፍ ላድርገው?

የፎቶ ቤት ሰው፣ ደሴ፦

ወደ 1/1600 ከፍ አድርጊው፤ አይኤስኦ 800። የካሜራውንም ማንገቻ አንገትሽ ላይ አጥልቂው።