ኤምኤስ ያለባት ተማሪ ውጤቷ ሳይወርድ እንዲህ የምትደክመው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን
የ17 ዓመት እኅቴ መልቲፕል ስክለሮሲስ ወይም በአጭሩ ኤምኤስ እንዳለባት ከታወቀ ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ አንድ ዓይኗ ጋረዳት፤ አዲስ አበባ ሄዳ ኤምአርአይ ስትነሣ አንጎሏ ላይ በርካታ ጠባሳ ታየ። ያም ሆኖ ዘንድሮም ከክፍሏ ከአንድ እስከ ሦስት ከሚወጡት ናት። ግራ ያጋባን ሌላ ነገር ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ መደቡ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ቀድሞ በአንድ ሰዓት የምትጨርሰው የሒሳብ የቤት ሥራም አሁን እስከ እራት ያደርሳታል። አንድ መምህሯ «ይህን ውጤት እያመጣች ምን ሆነች ትላላችሁ? ስንፍና ነው» ብለውናል። ጠባሳው ያን ያህል ከሆነ ውጤቷ እንዴት አልወረደም? ካልወረደስ ድካሙ ከምን መጣ?

መልስ 1፣ ነርስ ነኝ
የሁለቱም ጥያቄዎችዎ መልስ አንድ ነው። በኤምኤስ የሰውነት መከላከያ የነርቭን ክር የሚሸፍነውን ማይሊን የተባለ ልባስ ያጠቃል፤ ልባሱ ሲላጥ መልእክት ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። ሆኖም አንጎል በሥራ ላይ እያለ በኤምአርአይ ሲታይ፣ በበሽታው መጀመሪያ ላይ ያሉ ሰዎች ከጤነኞች እኩል ውጤት በሚያመጡበት ሥራ ላይ ጤነኞቹ ብዙም የማይጠቀሙባቸውን ቦታዎች፣ በተለይም በግንባር በኩል ያሉትን፣ ጨምረው ሲያሠሩ ተገኝተዋል። አንድ ሰው ብቻውን ይጨርሰው የነበረውን ማሳ በደቦ እንደማሳጨድ ነው፤ አጨዳው በቀኑ ያልቃል፣ የደቦው እንጀራና ጠላ ግን ከባለማሳው ጎተራ ይወጣል። መምህሩ የሚያዩት የታጨደውን ማሳ ብቻ ነው።

መልስ 2
የደቦው ምሳሌ ጥሩ ቢሆንም በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ተጨማሪው እንቅስቃሴ ሁልጊዜ ማካካሻ ነው ማለት አይቻልም፤ የአንጎል አሠራር መዛባቱን የሚያሳይበት ጊዜም እንዳለ የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ፣ በሽታው ሲገፋም ይህ አቅም እየመነመነ ይሄዳል። የወጣት አንጎል ራሱን ለማደራጀት የተሻለ አቅም እንዳለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የግንባሩ ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና በመገንባት ላይ ስለሆነ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው ባላለቀ ቤት ላይ ነው። ኤምኤስ በልጅነት ከጀመራቸው መካከል ሲሶ ያህሉ በአስተሳሰብ ፈተናዎች ላይ ጉድለት ይታይባቸዋል፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነካውም ፍጥነት ነው። ስለዚህ የክፍል ደረጃዋን ብቻ አይመልከቱ። በ90 ሰከንድ ውስጥ ምልክቶችን ከቁጥሮች ጋር የሚያዛምዱበት አጭር ፈተና አለ፤ ሐኪሟ በየዓመቱ ቢያስፈትኗት ለውጡን ካርዷ ላይ ከሚጻፈው ውጤት ቀድመው ሊያዩት ይችላሉ።

መልስ 3፣ ከሸዋሮቢት
እኔም በሽታው በተማሪነቴ ነው የጀመረኝ። ደብረ ብርሃን ሳለሁ እንደ እኅትዎ ሁሉን እወጣው ነበር፤ ለሥራ ወደ ቆላ ስወርድ ግን ከቀትር በኋላ ሱቅ ውስጥ የብር መልስ መቁጠር እንኳ ያቅተኝ ጀመር፣ ባለሱቁን ሦስት ጊዜ አስቆጥሬው አፍሬ ወጥቻለሁ። በሽታው የተባባሰብኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ሙቀት ልባሱ በተላጠ ነርቭ ውስጥ የሚያልፈውን መልእክት ለጊዜው ያደክመዋል፣ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ዊልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 ሕመምተኞች ሰውነታቸውን ሲያንቀሳቅሱ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚደክም ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱ ሙቀት መሆኑ የታወቀው ግን ከእሱ በኋላ ነው። አሁን ጭንቅላት የሚጠይቀውን ሥራ በማለዳ እጨርሳለሁ። ለእኅትዎ የምመክረው ሒሳቡን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እንድትሠራ፣ በየግማሽ ሰዓቱም እንድታርፍ ነው፤ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓትም የሐኪም ደብዳቤ ይዛችሁ ጠይቁ።

ጠያቂው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሒሳቡን ወደ ማለዳ አዛውረን አሁን ከቁርስ በፊት ትጨርሰዋለች፤ ከሰዓት በኋላ መተኛቷ ግን አልቀረም፣ እኛም መቀስቀሱን ትተናል። ደብዳቤውን ለመምህሩ ሰጥተናል፤ አንብበው «ታዲያ ይህን ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» አሉን። ተጨማሪው ሰዓት ገና አልተፈቀደም።