መኮንኑ እያለ ባሻ ለምን ይፈራ ነበር?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? አባቴ በቀድሞው ሠራዊት ሻምበል ባሻ ነበር፣ ከመኮንን በታች ያለ የበታች ሹም ማለት ነው። ጡረታ ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ከገባ ብዙ ዘመን ሆነው፣ ቤታችን ግን እስካሁን ካምፕ ነው። ብርድ ልብስ በአራት ማዕዘን ካልታጠፈ ቁርስ የለም። ጫማ በር ላይ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ ይሰለፋል። የእህቴ ባል ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ሲመጣ ሸሚዙ አንድ ቁልፍ ጎድሎት ነበር። አባቴ ሰላም ሳይለው መርፌና ክር አቀበለው። ሰውዬው ደግሞ ቁጭ ብሎ ሰፋው!

ስለ ውትድርናው ስጠይቀው «ሥራችንን ሠራን» ብሎ ዝም ነው። እስኪ ካምፕ የኖራችሁ ንገሩኝ። መኮንኑ እያለ ወታደሩ ለምን ባሻን ይፈራ ነበር?

ኮቸሮ በሻይ፦
ወንድሜ፣ አባትህን እግዜር ያቆይልህ። የመርፌና ክሩን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

እኔ ብር ሸለቆ የገባሁት በ1991 ነው፣ በባድመው ጦርነት ጊዜ። ያኔ ከቀድሞው ሠራዊት ተጠርተው የመጡ አሰልጣኞች ነበሩ፤ የኛው ባሻ ከነሱ አንዱ ነው። አለቆቹ በረሃ የኖሩ ታጋዮች ናቸው። አዲስ ማዕረጉ ምን እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ፤ ከአዛዡ እስከ ወጥ ቤቱ «ባሻ» ነበር የሚሉት።

ጎጃም ሲባል ደጋ ብቻ የሚመስለው አለ። ብር ሸለቆ ይሞቃል። ቀን እጅጌያችንን ጠቅልለን እንውላለን። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ድምፁ ይመጣል። «እጅጌ!» ሌላ ቃል የለም። ሜዳ ሙሉ ሰው እጅጌውን ያወርዳል፣ ቁልፉን ይቆልፋል። ያላወረደ ሌሊቱን ጥበቃ ነው። በላብ እየተጠመቅን በሆዳችን ስንረግመው እንከርማለን። የገባን ከጎናችን ያለው የሻምበል ጦር በወባ ተንቀጥቅጦ ሲተኛ ነው። ትንኟ ሥራ የምትጀምረው ሲመሽ መሆኑን ያኔ ማን ነግሮን።

እግርማ አይነሳ። ከሩጫ መልስ «ከስክስ አውልቅ!» ይላል። መሬት ላይ ተደርድረን እግራችንን እንዘረጋለን። ባሻ ባትሪውን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል። በጣቶች መሃል ሳይቀር። ውሃ የቋጠረ እግር ካገኘ ባለ እግሩን አይነካውም። የጓድ መሪውን ነው የሚያስነሳው። «የዚህን ልጅ እግር አይተህ ነው የተኛኸው?» መሪው ክላሹን ከራሱ በላይ ይዞ ሜዳውን ይዞራል። ካልሲን ከውስጥ በሳሙና አሽቶ መልበስን ያስተማረን እሱ ነው። እስከ ግንባር ጠቅሞናል።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ መኮንኑ ይፈርማል፤ ባሻ ግን ያውቃል። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ለማን ደብዳቤ እንዳልመጣለት፣ ማን ለጠላ በየትኛው አጥር እንደሚሾልክ። ከተራ ወታደር ተነስቶ ነው እዚያ የደረሰው። አንተ ልትዋሸው ያሰብከውን እሱ በወጣትነቱ ለሌላ ባሻ ዋሽቶታል።

የሚበላው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው፣ ድስት ሥር የቀረውን። አንድ ቀን አንድ መቶ አለቃ የምግብ ሰልፍ ሰብሮ ገባ። ባሻ ተጠንቀቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠው። «አለቃ፣ ሰልፉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።» ሰውዬው ወደ ኋላ እስኪሄድ ድረስ እጁን ከግንባሩ አላወረደም።

የወረቀቱ ሁለት ዓመት፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ሁሉም ባሻ እንዲህ አልነበረም። እኔ የብሔራዊ ውትድርና ልጅ ነኝ። የ1975ቱ አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወንድ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገልግል ይላል። በወረቀቱ ነው ታዲያ። በሁለት ዓመቱ እቤቱ የገባ ካለ እጁን ያውጣ።

የት እንደሠለጠንኩ ይቅር። የኛው ባሻ አንድ ሰው ሲያጠፋ ሁላችንን ነበር የሚቀጣን። ጠጠር ላይ በደረት መሳብ። ክርኔ ላይ ጠባሳው አለ። አንድ የሞጣ ልጅ ቀበቶው ጠፋበትና ሌሊቱን ሙሉ ቆመን አደርን። ቀበቶውን ደብቆት የነበረው ራሱ ባሻው ነው! «እንድትነቁ ብዬ ነው» አለና ሳቀ። ይሄን ዲሲፕሊን የሚል ካለ ይበል፣ እኔ ግን አልልም። ድስት ሥር የሚበላ ባሻም አላየሁ። ለኛው ሥጋው ተመርጦ ነበር የሚወጣለት።

ኮቸሮ በሻይ፦
እውነትህን ነው ወንድሜ። የደረሰበት ያውቀዋል።

አባይ ማዶ፦
የድስቱ ነገር ቀላል አይደለም። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ የሆነውን አስታውሱ። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸውን ጉድጓድ ከለከሉ። ምግቡም ለሰው የሚቀርብ አልነበረም። ጃንሆይ ነገሩን እንዲያዩ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሩ ያዛቸው፣ ያንኑ ምግብና ውሃ አቀረበላቸው። ያን ያደረጉት ተራው ወታደርና የበታች ሹሞቹ ናቸው። ተጠንቀቅ ሲያስብሉ የኖሩት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሌሎቹም የጦር ክፍሎች ተከታተሉ፣ መስከረም 1967 ላይ ጃንሆይ ወረዱ።

የማርቆስ ልጅ፦
የሳሙናውን ለአባቴ አነበብኩለት። «ደረቅ ሳሙና መሆን አለበት፣ እርጥቡ ቆዳ ይልጣል» ብሎ ሬዲዮውን ከፈተ። ከዚህ በላይ አላወጣሁበትም።

የቡሬዋ፦
እኔ ወታደር አይደለሁም፣ ግን ባሻ አውቃለሁ። እናቴ ካምፕ አጠገብ ጠላ ትሸጥ ነበር። ቅዳሜ ማታ ባሻ ይመጣል። አይጠጣም፣ አይገባም። ጎንበስ ብሎ በመጋረጃው ሥር የሚታየውን ከስክስ ይቆጥራል። ውስጥ ያሉት ጭጭ! ከዚያ በጓሮ በኩል ሩጫ ነው፣ ሂሳብ ሳይከፈል።

በማግሥቱ ራሱ ገንዘቡን ሰብስቦ ያመጣል። ደብተሩን አውጥቶ ከእናቴ ጋር ስም በስም ያመሳክራል። አንዴ እናቴ በአንዱ ልጅ ላይ ሁለት ጣሳ ጨመረች። ባሻ ደብተሩን ዘጋ። «እትዬ፣ ያ ልጅ ይሄን ሁሉ ጠጥቶ ቢሆን ያንቺን አጥር አይዘልም ነበር፣ እዚያው ይዤው ነበር» አላት። እናቴ እየሳቀች ሁለቱን ጣሳ ሰረዘች።