«የፈረሰው ጭቃ ነው»

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ ትናንት የከተማ ፕላን ባለሙያው «ፕላነሩ» እዚሁ ግሩፓችን ላይ ስለ ፒያሳ የጻፈው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲያብከነክነኝ አደረ። በመጋቢት 2016 ስለፈረሰው ሰፈራችን ስንነጋገር «ቅርሱ ተጠብቋል፤ የፈረሰው ጭቃ ነው» ብሎ አለፈ። ጭቃ! እናቴ አራት ልጆች ያሳደገችበትን፣ አያቴ የተገነዙበትን ቤት በአንዲት ቃል ጠረገው። ዶዘሩ እንኳ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል።

ፕላነሩ፦ ወንድሜ፣ ከጻፍኩት አንዷን ቃል መዘህ አትሩጥ። ጣይቱ ሆቴል እንደቆመ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ቆሟል። የፈረሱት በአብዛኛው የቀበሌ ቤቶች ናቸው። የ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑትን ለቀበሌ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ማን አደሳቸው? ተከራዩ «የመንግሥት ነው» ይላል፤ ቀበሌው ከሚሰበስበው ኪራይ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ አይወጣም። ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ፣ ምሰሶው በምስጥ ተበልቶ፣ ስድስት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት። ቅርስ የምትሉኝ ይህን ነው?

ታዛቢ፦ ጣይቱ «እንደቆመ ነው» አትበል። ጥር 2007 ላይ ተቃጥሎ ስናለቅስ የት ነበርክ?

ፕላነሩ፦ ተቃጥሎ ታደሰ። አልፈረሰም አልኩ እንጂ እሳት አልነካውም አላልኩም።

የእንጦጦው፦ ጭቃ ጥፋት ከሆነ ወደ እንጦጦ ውጣና የምኒልክን ቤተ መንግሥት አፍርስልና። በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በሣር የተከደነ ነው። ጎብኚ ግን ጫማው እስኪያልቅ ዳገቱን ወጥቶ ያየዋል።

ፕላነሩ፦ የንጉሥ እልፍኝና የተጎሳቆለ የኪራይ ቤት አንድ ናቸው?

የእንጦጦው፦ እንግዲያው የጠላኸው ጭቃውን ሳይሆን ውስጡ የሚኖረውን ሰው ነዋ። ምነው ቀድመህ እንዲህ ብትለን?

የሠራተኛ ሰፈሯ፦ እኔ ጭቃውን ትቼ ሕጉን ልጠይቅ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? ፕላነሩ ሁልጊዜ «በቅርስነት የተመዘገበ አልተነካም» ይለናል። መዝገቡን የያዘው ማን ሆነና! ያልተመዘገበ ቅርስ አይደለም ማለት የልደት ካርድ ያላወጣ ልጅ አልተወለደም ማለት ነው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው የምኒልክ አንጥረኞችና የእጅ ባለሙያዎች ስለሰፈሩበት ነው። ይህን በየትኛው ቁጥር ልታስመዘግቡት ነው?

የቀበና ሰው፦ ሁላችሁም ስለ ሰገነትና ስለ እልፍኝ ታወራላችሁ። እኔ ያደግሁት ወንዝ ዳር ነው። ሐምሌ ሲገባ አባቴ አልጋውን በብሎኬት ላይ ያነሳ ነበር። የጎረቤታችን ሽንት ቤት ቱቦ በቀጥታ ወደ ወንዙ ነው የሚተፋው፤ የእኛም እንደዚያው ነበር፤ አልዋሽም። ከወንዙ መራቅ የሚያስገድደው ደንብ ቀደም ብሎ ቢከበር ኖሮ አንድ ክረምት እንኳ ተኝተን ባደርን። ስለዚህ በወንዙ ነገር ከፕላነሩ ጋር ነኝ። ተሳደቡ።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ አንሳደብም፤ እንጠይቃለን። የወንዝ ዳርቻው ሥራ በ2011 ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ነው ተባለ፤ እሰየው አልን። ግን ለአባትህ አልጋ ክልክል የነበረው ዳርቻ ለካፌ ወንበር እንዴት ተፈቀደ? ጎርፉ ሰው ይመርጣል?

የቀበና ሰው፦ ካፌ ውስጥ ሌሊት የሚያድር ልጅ የለማ።

የሠራተኛ ሰፈሯ፦ ይህ መልስ ነው፤ እቀበላለሁ። ግን ያ ልጅ አሁን የት ነው የሚያድረው? እናቱ ጉሊት የምትቸረችረው አራዳ ነበር። ከከተማው ጫፍ በሁለት ታክሲ ተሳፍራ መጥታ የሽንኩርት ትርፏ ከመሳፈሪያዋ አይተርፍም። ፕላን ማለት የመሬት አጠቃቀም ካርታ ላይ የሚቀባ ቀለም ብቻ ነው እንዴ?

የእንጦጦው፦ ፕላን ካልን ጣሊያንም ፕላን ነበረው። ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደ መርካቶ ወሰደው፤ አበሻውን ወደዚያ፣ ነጩን ወደዚህ ብሎ ከተማዋን ሊከፍል አሰበ።

ፕላነሩ፦ አሁንስ አበዛችሁት! ከፋሺስት ጋር ልታስተካክለኝ? እኔ ደመወዝተኛ ነኝ። መዋቅራዊ ፕላኑ በ2009 ሲዘጋጅ እናንተ የት ነበራችሁ? የአካባቢ ልማት ፕላን ውይይት ሲጠራ አዳራሹን ሞልቶ የሚያዛጋው አበል ጠባቂ ነው።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ እኛማ ስንጮህ ነበር። ሰሚ ስላጣን እኮ ነው ከጎናችን ያለው ሰፈር «እሪ በከንቱ» የተባለው።

ታዛቢ፦ ስሙ የመጣው በቀማኛ ነው፤ የተዘረፈ ሰው ቢጮህ የሚደርስለት ስላልነበረ። ታሪክ አታጣምም።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ ታዲያ እኔ ምን አልኩ?

አናጢው፦ ልጆች፣ ስለ ጭቃው እኔም አንድ ነገር ልበል። ከፈረሰ ሰገነት የወጣ የእንጨት ፍርግርግ ከቁራሌው ገዝቼ ሱቄ አስቀምጫለሁ። በቢላ ስፍቀው ላዩ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሥር አረንጓዴ ቀለም ወጣ። መጨረሻ ላይ የጽድ እንጨቱ መጣ፤ ሽታው ዛሬም አለ። አንድ ምስማር የለበትም፤ እንጨት ከእንጨት ተቆላልፎ ነው የቆመው። ዛሬ እንዲህ ሥራ ብላችሁ ብታዙኝ ሳምንት አይበቃኝም።

ታዛቢ፦ የአርመን እጅ ነው።

የእንጦጦው፦ የለም፣ የሕንድ ነው። ያኔ የሰገነቱን ጠርዝ እንደ ዳንቴል የሚፈለፍሉት ሕንዶቹ ናቸው።

ታዛቢ፦ አርመን።

አናጢው፦ ፊርማ የለበትም። ሠሪው አበሻም ሊሆን ይችላል፤ እኛን ማን ቆጥሮን!

ፕላነሩ፦ ጋሼ፣ ፍርግርጉ ስንት ነው?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦ ይኸውላችሁ! ጭቃ ያለውን ሊገዛ!

ፕላነሩ፦ እሱ እንጨት ነው። ጭቃ ያልኩት ግድግዳውን ነው።

አናጢው፦ አይሸጥም።