ዓላማውን ወድጄ ስራው አልሆን አለኝ፣ ምን ትሉኛላችሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች፣ የሴቶች ጤና ላይ የሚሰራ ኤንጂኦ ውስጥ ነኝ፣ ዓላማውን ከልቤ እወደዋለሁ ግን ቀኑን ሙሉ የፐርዲየም (የመስክ አበል) ደረሰኝ ኤክሴል ላይ ስሞላ ነው የምውለው፣ እኔ ደሞ ነፍሴ ማስተማር ላይ ነው። ለአለቃዬ ስነግራት «እሱ የፕሮግራም ክፍል ስራ ነው» ብላ ዘጋችኝ።

መልስ፦ ደሞዝ በሰዓቱ ይገባል? ከገባ አርፈህ ስራ ባክህ 😂 ማስተማሩን ቅዳሜ ቅዳሜ።

መልስ፦ ከላይ ያለው እየቀለደ ነው መሰለኝ። የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልን እይማ (ፊስቱላ ማለት ምጥ ሲራዘም የሚመጣ፣ ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ጉዳት ነው)፣ በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የመጡት ካትሪንና ሬጅናልድ ሐምሊን ያቋቋሙት፣ እዛ ታክመው የዳኑ ሴቶች ራሳቸው ነርስ ረዳት ሆነው ይሰራሉ። ማሚቱ ጋሼ ፊደል ሳትቆጥር ታካሚ ሆና ገብታ፣ አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ ኦፕራሲዮን ክፍል እያገዘች እያገዘች በመጨረሻ ራሷ የፊስቱላ ቀዶ ጥገና ሰራች፣ ሐኪሞችንም አሰለጠነች። ግን ልብ በል፣ የሷ ፍላጎት ብቻውን ምንም አያደርግም ነበር፣ በላይ ያሉት እጇን አይተው እድል ሰጧት። ያንተዋ አለቃ ይሄ ነው የጎደላት።

መልስ፦ ፊልድ ያሉት ደረሰኝ አበላሽተው አይደል የሚልኩልህ? እነሱን ላሰልጥን በላት፣ ለሷም ራስ ምታት ይቀንሳል።

ጠያቂው፦ ኧረ ይሄ አሪፍ ነው! ሰኞ እጠይቃታለሁ። ቅዳሜዬን ግን አልሰጥም።