የስክሪኑ ዕቅድ፦ የአዳራሽ ይሁን የደጅ?

ጸሐፊ
ጤና ይስጥልኝ የጎንደር የድግስ አዘጋጆች ማኅበር አባላት። ቅዳሜ ማታ ሳንቋጨው የተበተንነውን ነገር እዚሁ እንጨርሰው። ለብድር የምናስገባው የጋራ ዕቅድ ሦስተኛ ገጽ ላይ «አንድ ኤልኢዲ ስክሪን» ተብሎ ተጽፎ ቀርቷል፤ የቱ ዓይነት እንደሆነ የለም። ገንዘቡ ለአንድ ነው የሚበቃው። «የኔ ይሻላል» ብቻ ሳይሆን ምክንያታችሁን ጻፉ፤ የተስማማንበትን እየገለበጥኩ አስገባለሁ።

የዲኮሯ
እኔ የአዳራሽ እላለሁ። ሥራችን ሠርግ፣ ምረቃና ስብሰባ ነው። አዳራሽ ውስጥ የፊተኛው ጠረጴዛ ከስክሪኑ ሦስት አራት ሜትር ቢርቅ ነው። ያንን ነጥቦቹ የተራራቁ የመንገድ ዳር ፒ10 ብናመጣ የሙሽራዋ ፊት ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ነጥቦቹ የተቀራረቡት ፒ2.5 ይሁንልን። የደጁ በተመሳሳይ ፒ ዋጋው እንደሚበልጥም አትርሱ።

የፒያሳው
እኔ ደግሞ ለምን ተሸክመን እንዞራለን ባይ ነኝ። ፒያሳ አንድ ሕንፃ ላይ ትልቅ የደጅ ስክሪን ሰቅለን ማስታወቂያ ብናከራይስ?

ሊቀ መንበር
አይሆንም ወንድሜ። ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያለ ቅርስ ነው። እዚያ አካባቢ የሚያንጸባርቅ ነገር ልስቀል ብለን ፈቃድ ስንጠይቅ ብድሩ መክፈያው ይደርሳል። የተሰቀለ ስክሪን ደግሞ ሠርግ አይሄድም። ይህን እንለፈው።

የድምፁ
የፒውን ነገር ላስረዳ፤ ቅዳሜ ግማሹ ሰው ሳይገባው ነው እጁን ያወጣው። ፒ ማለት ከአንዷ የመብራት ነጥብ እስከ ቀጣይዋ ያለው ርቀት በሚሊሜትር ነው። በግርድፉ ፒ4ን ከአራት ሜትር ወዲያ፣ ፒ10ን ከአሥር ሜትር ወዲያ ያየ ሰው ጥሩ ሥዕል ያያል። እኅቴ በዚህ ልክ ነሽ።

የቀረሽ ብርሃኑ ነው። በብርሃን መለኪያው በኒት ካየነው፣ የአዳራሽ ስክሪን ከ600 እስከ 1000 ኒት ገደማ ነው፤ የደጁ ወደ 5000 እና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ጥር 11 ረፋዱ ላይ ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ያለውን ፀሐይ አስቢው። የአዳራሹን ስክሪን እዚያ ብናቆመው ሰው ጥቁር ሰሌዳ ነው የሚያየው። የደጁን ግን አዳራሽ ስናስገባው ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ እንችላለን።

አንድ ጥፋቴንም ልናዘዝ። ግንቦት ላይ የተዋስኩትን የአዳራሽ ስክሪን ድንኳን ውስጥ ተከልኩት፤ ጣራ አለው ብዬ። ማታ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በድንኳኑ ስፌት በኩል ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ከላይ እስከ ታች ክንድ የሚያህል ጥቁር መስመር ወረደባቸው። ከሳምንት በኋላ ሞጁሉን፣ ማለትም የተበላሸውን የስክሪን ቁራጭ፣ ነቅዬ ሳየው የካርዱ እግሮች አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። የከፈልኩት እኔ ነኝ።

እትዬ (የድንኳኗ)
አይዞህ ልጄ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የኛ ሠርግ ግማሹ ድንኳን ነው። ድንኳን ደግሞ ከላይ ቤት፣ ከጎን ደጅ! ቀን ፀሐዩ በየጎኑ ይገባል፣ ማታ ካፊያው። በበጋ አቧራው አለ።

የአዘዞው
እንግዲያው መሀሉን እንያዝ። ለኪራይ ተብሎ የሚሠራ፣ ደጅ የሚችል ፒ3.91 አለ። ካቢኔቱ፣ ማለትም እየተገጣጠመ ስክሪኑን የሚሠራው ሳጥን፣ 500 በ500 ሚሊሜትር ሆኖ በአንድ ጎን 128 ነጥብ ይይዛል። ስምንት በአግድም፣ ስድስት በቁመት ብንገጥም 48 ካቢኔት፣ 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ 1024 በ768 ነጥብ ይሆናል። ከፊተኛው ጠረጴዛም ይታያል፣ ከደጅም። ትንሽ አዳራሽ ከሆነ ግማሹን ብቻ ይዞ መሄድ ነው።

አይፒውን፣ ማለትም አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃውን፣ ስንጠይቅ ግን የፊቱንም የኋላውንም እንጠይቅ። አይፒ65 ሲባል 6ቱ አቧራ አያስገባም ማለት ነው፣ 5ቱ የሚረጭ ውሃ ይችላል። አንዳንዱ ዕቃ ፊቱ 65 ሆኖ ጀርባው ያንሳል፤ ዝናብ ደግሞ በየት በኩል ልምጣ ብሎ አይጠይቅም።

የቪዲዮው
ሪፍሬሹን፣ ማለትም ሥዕሉ በሰከንድ የሚታደስበትን ብዛት፣ 3840 ሄርዝ በሉ። በዝቅተኛው ስቀርጽ ስክሪኑ ላይ መስመር ይሮጣል፤ ከዚያ «ቪዲዮውን አበላሸኸው» የምባለው እኔ ነኝ።

የዲኮሯ
ፒ3.91 ከሆነስ እሺ። መብራቱስ? የአዳራሹ ሶኬት ይችለዋል?

የድምፁ
አይችለውም። በካሬ ሜትር እስከ 700 ዋት ብንይዝ 12 ካሬው ሙሉ ነጭ ሲበራ 8.4 ኪሎዋት ነው፤ በ220 ቮልት 38 አምፔር። ተራ ሶኬት 16 ነው። ቪዲዮ ሲታይ ሲሶው ቢበቃውም ገመዱ ለከፍተኛው ነው የሚዘረጋው። ከቆጣሪው በቀጥታ የሚሳብ ወፍራም ኬብልና ጄኔሬተር ዕቅዱ ውስጥ ይግቡ፤ መብራት ሲጠፋ ሙሽራ አይጠብቅም።

ትራሱንም እንዳትረሱት፤ የራስጌውን ሳይሆን ስክሪኑ የሚንጠለጠልበትን ብረት። አንዱ ካቢኔት 8 ኪሎ ገደማ ቢመዝን 48ቱ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋሉ። ደጅ ላይ ደግሞ 12 ካሬ ማለት ነፋስ የሚገፋው ሸራ ነው። ከኋላ የክብደት ማሰሪያ ከሌለው እኔ ከሥሩ አልቆምም።

ጸሐፊ
እስካሁን የገለበጥኩት ይህ ነው፤ አርሙኝ፦

«ማኅበሩ ለአዳራሽም ለደጅም የሚያገለግል የኪራይ ኤልኢዲ ስክሪን ፒ3.91፣ 48 ካቢኔት፣ ሪፍሬሽ 3840 ሄርዝ፣ ከፊትም ከኋላም አይፒ65፣ ከነተሸካሚ ብረቱ፣ ከነማሳረፊያ ክብደቱ፣ ከኃይል ኬብሉና ከጄኔሬተሩ ጋር ይገዛል።»

የአዘዞው
መለዋወጫ ጨምር። ካቢኔቱ በአራት ሞጁል ከተሠራ 192 ሞጁል ነው፤ አሥር ያህል ትርፍ ከዚያው ምርት አብሮ ይምጣ። በኋላ ለብቻው ብናዝዝ ቀለሙ አይገጥምም፣ ነጩ ላይ ቡግር መስሎ ይታያል። ጎማ ያለው ሳጥንም ይኑር፤ በኮብልስቶን ላይ በአይሱዙ ሲንገጫገጭ መጀመሪያ የሚረግፉት የጠርዝ ነጥቦች ናቸው።

እትዬ (የድንኳኗ)
ክረምቱንስ የት ያድራል? የኔ መጋዘን ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ያልበዋል።

የድምፁ
አንቱ ጋ አይሆንም እንግዲህ፣ ደረቅ ክፍል ነው የሚፈልገው። እርጥበት መጣጭ ከረጢት በየሳጥኑ ይገባል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ሁለት ሰዓት ማብራት ነው። ተራ ይውጣ፣ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ሊቀ መንበር
እሺ፣ ደረቅ ክፍል ያለው ይጠቁም። ጸሐፊያችን ሁሉንም አስገባና ዓርብ ሦስት ዋጋ ይዘን እንገናኝ። የፒያሳው ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ የምንሠራባቸውን አዳራሾች የበር ስፋትና የደረጃ መታጠፊያ ለካልን፤ ሳጥኑ ከሚያልፍበት በላይ ሆኖ እንዳናዘው።

የፒያሳው
እለካለሁ። ግን የሕንፃውን ሐሳብ ለከርሞ መዝግቡልኝ።

ሊቀ መንበር
አልመዘግብም።